የጎደለው ራም

ጥቅምት 3

ለችኩሌ፣

ሰላምታዬ ከቁመትህ ይርዘም። እኔ ደህና ነኝ፤ ከጆሮዬ በቀር የሚያስቸግረኝ የለም። «ስልክ ለምን አታነሺም?» ብለህ ለተቆጣኸው፣ ስልክ ላይ ግማሹን እሰማለሁ፣ ግማሹን ከራሴ እሞላለሁ፤ በኋላ የምንጣላው እኔ በሞላሁት ነው። ደብዳቤ ይሻለናል።

ስለ ኮምፒውተሩ ጠይቀሃል። ማራገቢያው ይጮህ ነበር፤ ከመንገዱ ማዶ ያለው ጠጋኝ ወስዶ ቀየረልኝና ጩኸቱ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ግን ማሽኑ አረጀብኝ። አንድ ፊደል ስመታ ፊደሉ እስኪመጣ አንገቴ ይደርቃል። ባለፈው አንዲት ሙሽራ የጥሪ ካርዷን ላጽፍ ብላ አጠገቤ ተቀመጠች፤ ስሟን እስክጨርስ ጠብቃ ጠብቃ «እትዬ፣ ሠርጉ እኮ በዚህ ወር ነው» አለችኝ። ሳቅኩላት፤ ውስጤ ግን አረረ። ታች መንገድ አዲስ የጽሕፈት ቤት ተከፍቷል፣ ደንበኛዬ ወደዚያ እያዘነበለ ነው። ይቺ ሥራ ከሄደች እጄን አጣጥፌ ያንተን እጅ ማየት ነው የሚቀረኝ። ያን ደግሞ አልፈልገውም፤ ታውቀኛለህ።

የመሥሪያ ቤትህን ኮምፒውተር ሁሉ የምትጠብቀው አንተ ነህ ሲሉ እሰማለሁ። እስቲ የእኔን አንዷን ምን እንደነካት ንገረኝ።

አክስትህ

ጥቅምት 14

እታለም፣

እንደምን ሰነበትሽልኝ? መድኃኒቱን እየወሰድኩ ነው፣ ሳሉም ለቆኛል፤ አትጨነቂ።

ማሽንሽ አላረጀም፣ ተጣቦ ነው። ራም የሚባል ነገር አለው፤ የሥራ ጠረጴዛው በይው። መሳቢያ ውስጥ ያለ ወረቀት ጠረጴዛውን አያጣብበውም፤ የሚያጣብበው ላዩ ላይ የተዘረጋው ነው። ጠረጴዛው ሲሞላ ኮምፒውተሩ አንዱን ወደ መሳቢያ ሲከት፣ ሌላውን ሲያወጣ ይውላል፤ አንቺ ደግሞ ፊደል ትጠብቂያለሽ። ስለዚህ ፎቶሽንም ፋይልሽንም እንዳታጠፊ። የመሳቢያው ዕቃ ነው፣ ጥፋት የለበትም።

ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕ የሚሉትን ቁልፎች አንድ ላይ ተጫኚ። ታስክ ማናጀር የሚባል ሰሌዳ ይመጣልሻል። «ሜሞሪ» የሚለውን፣ ማለትም የራሙን፣ ዓምድ አናቱ ላይ ንኪው፤ ብዙ የሚበላው ወደ ላይ ይወጣል። ከላይ እነማን እንደተቀመጡ ጻፊልኝ። አንድም ነገር በራስሽ እንዳትዘጊ፤ መጀመሪያ እኔ ልየው።

ያንቺው ችኩሌ

ጥቅምት 25

ለችኩሌ፣

እንዴት ነህ? ሰሌዳውን አገኘሁት። አንደኛ የወጣው የምጽፍበት ፕሮግራም ነው፤ ሁለተኛው ኢንተርኔት የማይበት። ሌሎቹ ትንንሾች ናቸው፣ ስማቸውንም ማንበብ አልቻልኩም።

ስንት ገጽ እንደተከፈተ መጠየቅህ አይቀርም ብዬ መቁጠር ጀምሬ ነበር፤ ሰለቸኝና ተውኩት። አትሳቅብኝ። መዝገብ ቤት ስሠራ ጉዳዩ ያላለቀ ሰው ፋይል አይዘጋም ነበር። ያ አመል ይኸው ጡረታ አልወጣም። ባለቤቱ መጥቶ ካልወሰደው ገጹን አልዘጋም፤ ስጨርስም ማሽኑን አላጠፋውም፣ አስተኛዋለሁ። ስለዚህ አሁን ጠረጴዛዬ ላይ ያልመጡ ሙሽሮች አሉ፤ ሠርጉ ይቅር ካርዱ ሌላ ቦታ ይሠራ እኔ ምን አውቃለሁ። ሙት ዓመቱ ያለፈ ሰው የሐዘን ማስታወቂያም ተከፍቶ አገኘሁ። እሱስ አሳፈረኝ።

እንዳትዘጊ ብለኸኝ ነበር። ዘጋሁ። አስቀመጥኩና ሁሉንም ዘጋሁ፤ አጥፍቼም አበራሁት። ለአንድ ጠዋት ያህል ተሻለው። ከዚያ አንዲት ገጽ ብቻ ተከፍታ፣ ያቺኑ ይዞ ያዘግም ጀመር። አሁን ማንን ልዝጋ?

አክስትህ

ኅዳር 9

እታለም፣

በመሃል ለጻፍኩልሽ የመለስሽው አጭር ወረቀት ደርሶኛል፤ ጎሽ፣ ሰሌዳው ላይ «ፐርፎርማንስ» የሚለውን ገጽ በደንብ አግኝተሽዋል። ራሙ አራት ጊጋ፣ ከሁለት የካርድ ማስገቢያ አንዱ ብቻ የተያዘ። ትክክል ገልብጠሽው ከሆነ ነገሩ አልቋል።

ያንን ማሽን የገጠምኩልሽ እኔ ነኝ። ባለ አራት ጊጋ ሁለት የራም ካርድ አድርጌበታለሁ፤ በድምሩ ስምንት። እጄ ያስገባውን አውቀዋለሁ። ካርድ እግር አውጥቶ አይሄድም። ሳጥኑን የከፈተው ደግሞ አንድ ሰው ብቻ ነው። ማራገቢያሽን ሲቀይር አንዷን ነቅሎ ለሌላ ደንበኛ ሸጧታል፤ እዚህም የማየው ነገር ነው። ሰውየው ሌባ ነው።

«ሰው ፊት ልጠይቀው ወይስ ለብቻው?» ትይኝ ይሆናል። ሰው ፊት። ለብቻው ከሆነ ይክድሻል፤ አሮጊት ናት፣ ምን ታውቃለች ብሎ ይስቅብሻል። ዛሬ ዝም ካልሽው ነገ የሌላዋን ይነቅላል። እኔ ብኖር እኔ አደርገው ነበር፤ ስለሌለሁ አንቺ አድርጊው።

ችኩሌ

ኅዳር 17

ለችኩሌ፣

እንዳልከው አደረግኩ።

ጠጋኙን ጸጉር አስተካካዩ በር ላይ ቆሞ አገኘሁት፤ ወንበሮቹም ሙሉ ነበሩ፣ መንገዱም። ቁጥሩን ነገርኩት። ስምንት ሰጥቼህ አራት መለስክልኝ አልኩት። የጻፍከውንም ቃል አልኩት። ጆሮዬ ስለማይሰማ ጮክ ብዬ ሳልናገር አልቀረሁም፤ የዳቦ ቤቱ ሰልፍ ሁሉ ዞሮ አየን።

ምን አለ ትለኛለህ። አልጮኸም። «እትዬ፣ ማሽኑን ያምጡትና ክዳኑን አብረን እንክፈተው» አለኝ። እኔም «ሁለተኛ እጅህ አይነካውም!» አልኩት። ሰው ሳቀ። እሱ ሱቁ ገባና በሩን መለስ አደረገው።

ደስ ይለኛል ብዬ ነበር። ቤት ስገባ ግን ማሽኑን እንኳ ሳላበራ ተኛሁ። ካርዷን ግዛና ላክልኝ።

አክስትህ

ታኅሣሥ 3

እታለም፣

ጤናሽ እንዴት ነው? ካርዷን እስካሁን አልላክኩም። ያዘገየኝን ልንገርሽ።

ባለፈው ሳምንት የሒሳብ ክፍሏ ሴትዮ ኮምፒውተሬ ደነዘዘ ብላ ጠራችኝ። ያንቺው ዓይነት ነገር፤ ግማሹ ራም አይታይም፣ ከሁለት ማስገቢያ አንዱ ብቻ ይላል። ስከፍተው ሁለቱም ካርዶች አሉ። አንዷ ከመቀመጫዋ ትንሽ ቀና ብላለች፣ ሌላ ምንም የለም። ጠረጴዛ ሲያዛውሩ ነቅንቀዋት ነው። ጫን ሳደርጋት ዳነ።

ከዚያ ጀምሮ የጠጋኙ ነገር ከሐሳቤ አልወጣም። እባክሽ ማሽኑን አጥፊና ገመዱን ንቀዪው፤ የሳጥኑን የጎን ክዳን ፍቺና ካርዶቹን ቁጠሪልኝ። ረጃጅምና ቀጫጭን ናቸው፣ ጎን ለጎን የሚቆሙ። ደግሞ እውነቱን ንገሪኝ፤ ከጠጋኙ በኋላ ያ ሳጥን ተከፍቶ ያውቃል? ያኔ መጠየቅ ነበረብኝ። አልጠየቅኩሽም።

ችኩሌ

ታኅሣሥ 22

እታለም፣

ደብዳቤዬ አልደረሰሽ ይሆናል ብዬ ደግሜ ጻፍኩ። ጎረቤትሽ ጋ ስደውል ደህና መሆንሽን፣ ገበያ ወጥተሽ መግባትሽንም ነግረውኛል። ደህና ከሆንሽ ታዲያ ለምን ዝም አልሽኝ? ዝምታሽ መልስ እንዳይሆን ፈራሁ። አንድ ቁጥር ብቻ ጻፊልኝ፤ አንድ ወይም ሁለት።

ችኩሌ

ጥር 5

ችኩሌ፣

ሁለት።

ዘገየሁብህ። ታምሜ ነበር ብዬ ጽፌልህ ነበር፤ ቀደድኩት። ሁለቱም ደብዳቤዎችህ ደርሰውኛል፤ ክዳኑንም የከፈትኩት የመጀመሪያው በደረሰኝ ዕለት ነው። አንዷ ቀጥ ብላ ተቀምጣለች። ሌላዋ በአንድ ጎኗ ቀና ብላለች፤ ጥፍር የምታስገባ ክፍተት ናት። በአውራ ጣቴ ጫን አልኳት፣ ጠቅ አለች። አበራሁት፤ ስምንት ይላል። አሁን ገና ልመታ ሳስብ ፊደሉ ይመጣል። ፍጥነቱን ሳይ እንባዬ መጣ። የደስታ አይደለም።

ተከፍቶ ያውቃል ወይ ላልከው፣ ያውቃል። የከፈትኩት እኔ ነኝ። ጠጋኙ ማሽኑን በመለሰልኝ ማግስት ጸጉር አስተካካዩ «እነዚህ ጠጋኞች እኮ ደህናውን አውጥተው አሮጌ ይከቱበታል» ሲል ሰማሁ። ቤት ገብቼ ክዳኑን በካቻቪቴ ፈታሁት፤ የጎደለ ነገር ካለ ላይ ብዬ። ምን እንደነበረው ሳላውቅ ምን እንደጎደለው ላውቅ! አቧራውን በቀለም ብሩሽ ጠረግኩ። ከካርዶቹ ዳር ያሉትን ነጫጭ መቆንጠጫዎች ምን ይሆኑ ብዬ ስነካካ አንዷ ካርድ ብድግ አለችብኝ። መልሼ ገፋኋት፤ የገባች መሰለኝ። ማሽኑ ማዝገም የጀመረው ከዚያ ወዲህ ነው። ሌባ ስፈልግ የነቀልኳት እኔው ነኝ።

ረስቼው ነበር እንዳልልህ አልረሳሁትም። «ሳጥኑን የከፈተው አንድ ሰው ብቻ ነው» ያልከውን ሳነብ ትዝ ብሎኛል። እኔ እኮ አቧራ ነው የጠረግኩት ብዬ ራሴን አባበልኩ፤ የተማረው ልጄ ነው ያለው ብዬም ባንተ ተደገፍኩ። ይህን ስጽፍ ፊቴ ይቃጠላል፤ ብቻዬን ተቀምጬ እንኳ።

መንገድ ላይ በጮህኩ ዕለት የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር ጢማቸውን ሊላጩ ወንበር ላይ ነበሩ። የትምህርት ቤቱን ኮምፒውተሮች በሙሉ እንዲጠግን ለጠጋኙ ሊሰጡት ተስማምተው ነበር አሉ፤ አሁን ቀርቷል። ሱቁ ሰው አይገባበትም፤ ከመስኮቴ አየዋለሁ፣ መጋረጃውን ይዤ። ሚስቱ ዳቦ ቤት ሰልፍ ላይ ስታየኝ ተራዋን ትታ ሄደች። ዳቦውን ሳትገዛ። እኔ ገዛሁ፤ ቤት አድርሼ አልበላሁትም።

አክስትህ

ጥር 16

እታለም፣

ምን ብዬ ልጀምር? ልጅ ሳለሁ «ሳያጣሩ ወሬ፣ ሳይገድሉ ጎፈሬ» እያልሽ ስትገሥጪኝ በጆሮዬ ያልፍ ነበር።

ጥፋቱ ከአንቺ ይልቅ የእኔ ነው። የሙያው ሰው እኔ ነኝ። ከሁለቱ አንዱ ብቻ ታየ ማለት ሁለተኛው ተወስዷል ማለት አይደለም፤ በደንብ ያልገባም ልክ እንደዚያው ነው የሚያሳየው። ይህን አዲስ ሠራተኛ ሲመጣ በመጀመሪያው ቀን የማስተምረው እኔ ነኝ። ላንቺ ስጽፍ ግን ማዳመጥ ሳይሆን መፍረድ አማረኝ። ሌባ የሚለውን ቃል አንቺ አላመጣሽውም። እኔ እዚህ በሰላም ወንበሬ ላይ ተቀምጬ ጽፌ፣ አንቺን መንገድ ላይ አስጮህኩሽ።

ከዚህ የሚብሰውን ልንገርሽና ናቂኝ። «የከፈትኩት እኔ ነኝ» የሚለው ቦታ ስደርስ ደስ አለኝ። ጥፋቱ ከእኔ ላይ ወደ አንቺ ሲዞር፣ ለትንሽ ጊዜ ነው፣ ግን ደስ አለኝ። ያሳደገችኝን ሴት! ከዚያ ወዲህ መስታወት ፊት ብዙ አልቆምም።

ለጠጋኙ የጻፍኩትን አብሬ ልኬዋለሁ። ሁሉንም በራሴ ላይ አድርጌ ነው የጻፍኩት፤ አንቺን አላነሣሁም። በሰው እጅ ስጪልኝ። አንቺ መሄድ የለብሽም፤ በዚህ ዕድሜሽ እሱ ፊት ቆመሽ እንድትዋረጂ አልፈልግም።

ችኩሌ

የካቲት 12

ለችኩሌ፣

ሰላም ለአንተ ይሁን። ለጠጋኙ የጻፍከውን ሳልሰጠው ከዚህ ጋር መልሼልሃለሁ። አንብቤዋለሁ፤ ጥሩ ጽፈሃል፣ እጅህም ያምራል። ግን መንገድ ላይ የተባለ ነገር በፖስታ አይነሣም። ደግሞ እኔን ያላነሣህበት ወረቀት ምን ዓይነት እውነት ነው? ልታድነኝ ብለህ እንደገና ልታስዋሸኝ።

ራሴ ሄድኩ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ እያልኩ መንገዱን ተሻገርኩ። ጠጋኙ ጠረጴዛው ላይ አቀርቅሮ ነበር፤ ቁጭ በሉም አላለኝም፣ ሂዱም አላለኝም። ቆሜ ነገርኩት፤ ብሩሹንም፣ መቆንጠጫውንም። ስጨርስ «ያኔውኑ ጠርጥሬ ነበር። አብረን እንክፈተው ያልኩዎት ለዚያ ነው» አለኝ። ይቅርታ አድርግልኝ አልኩት። «እኔ ላደርግልዎት እችላለሁ፤ እርስዎ የተናገሩት ግን ለእኔ አይደለም፣ ለእነሱ ነው» ብሎ በአገጩ መንገዱን አሳየኝ።

ልክ ነው። ስለዚህ ያንኑ ቦታ፣ ጸጉር አስተካካዩ በር ላይ ቆምኩ። «እናንተ ሰዎች፣ ይህ ሰው ምንም አልወሰደብኝም፤ ተሳስቼ ነው» አልኩ። ችኩሌ፣ ሌባ ስል መንገዱ ሞልቶ ነበር። ሌባ አይደለም ስል አንድ ሰው ብቻ ቆመ፤ እሱም ሰዓት ሊጠይቀኝ ነው። ጸጉር አስተካካዩ «መቼም ከመሬት ተነሥቶ ሰው ሌባ አይባልም፣ እትዬ» ብሎኝ ወደ መላጨቱ ተመለሰ። ያኔ የነገረኝ እሱ፣ ዛሬ የሚያስተምረኝም እሱ!

ርዕሰ መምህሩም ጋ ሄጃለሁ። አከበሩኝ፣ ወንበር ሰጡኝ፤ ሥራውን ግን ለሌላ ሰጥተዋል።

ከዚያ ደግሞ የእኔ መላ መጣ። ሙያዬ ማስታወቂያ መጻፍ አይደል? በደማቅ ፊደል ጽፌ ግድግዳ ላይ ለጠፍኩ፤ ጠጋኙ ንጹሕ ነው፣ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ ብዬ፣ ስሜንም ከሥሩ አድርጌ። ሳይውል ሳያድር ጠጋኙ ቤቴ መጣ። «እትዬ፣ እባክዎ ያንሡልኝ። ያልሰማው ሁሉ እያነበበ፣ ሰውየው ሌባ ተብሎ ነበር እንዴ እያለ ነው» አለኝ። ሄጄ በጥፍሬ እየፋቅኩ አነሣሁት። እያዩኝ የሚያልፉ ሰዎች ነበሩ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይሉ የለ፤ እኔ ለስንቱ ጽፌ ይህን ለራሴ አላውቀውም ነበር።

አሁን ምን እየሠራሽ ነው ብለህ መጠየቅህ አይቀርም። ጎረቤት ነግረውህ ይሆናል። ማሽኔን ተሸክሜ እሱ ሱቅ ወስጄዋለሁ። በሩ ላይ ቁጭ ብዬ ልሥራ፣ ሰው እኔን አንተ ጋ ሲያየኝ ይመን ብዬ ለመንኩት። ከዚያ የዕቃ ሣጥኖቹን ገፋ ገፋ አድርጎ ቦታ አበጀልኝ። ጠዋት ጠዋት እዚያ ነኝ። ለእኔ የሚመጣ ደንበኛ እሱ ሱቅ መግባት ግድ ሆኖበታል። ካርዱን የሚያጽፍ ሰው ሁሉ ማሽኔን እሱ እንደያዘልኝ ያያል።

ጥሩ እየሄደ መስሎኝ ነበር። ትናንት ልብስ ሰፊው ሲያልፍ ቆም አለና ወደ ጆሮዬ ጎንበስ ብሎ «ደግ አደረጉ፣ እትዬ። እንዲህ ካልጠበቁት አይሆንም» አለኝ።

ጠባቂ ነኝ ብለው ነው ለካ! ይህን ሁሉ ቀን እዚያ ስቀመጥ ሰውየውን ይበልጥ ሌባ እያደረግኩት ነበር። ጠጋኙ ሰምቶታል፤ ሥራውን ግን አላቆመም። እኔ ተነሣሁ። «የከፈትኩት እኔ ነኝ! የነቀልኩት እኔ ነኝ! እሱ አንዲት ብሎን አልወሰደብኝም!» ብዬ ጮህኩ፤ ጸጉር አስተካካዩ መቀሱን እንደያዘ ወጣ። ልብስ ሰፊው «እሺ፣ እሺ እትዬ፣ ይረጋጉ» እያለ እንደ በሽተኛ አባብሎኝ ሄደ። አላመነኝም። ጆሮዋ ብቻ ሳይሆን ጭንቅላቷም ሳይነካ አልቀረም ሳይል አይቀርም።

ጠጋኙ ያኔ ቀና ብሎ አየኝና «ይቀመጡ» አለኝ። «በቃ፣ ይቀመጡ።» ይቅር ብሎኝ ይሁን፣ ጩኸቴ ሰልችቶት ይሁን አላወቅኩም፤ ለመጠየቅም ፊት የለኝም። ተቀመጥኩ። ነገም እሄዳለሁ።

አሮጊት ብቻዋን ስትጮህ እብደት ይመስላል። ባለሙያ ነኝ የሚል ሰው አብሯት ቢቆም ግን ሰው ምን እንደሚል አላውቅም። ምናልባት እሱም ምንም አያመጣም። ቢሆንም ፈቃድህን ጠይቅና ና። ስትመጣ መጀመሪያ ቤት አትግባ፤ ሻንጣህን እንደያዝክ ቀጥ ብለህ ሱቁ ድረስ ና። ሌባ የሚለውን ቃል የጻፈው ይህ ነው ብዬ ሰው እያየ አሳይሃለሁ። አንተም አንገትህን ሳትደፋ አዎ፣ እኔ ነኝ ትላለህ።

አክስትህ